የፍሪጁ ቀዳዳዎች

«ሁለተኛው ማሽን ሲመጣ የት ላስቀምጠው ነው? አናቴ ላይ ልሸከመው?» አለ የእማማ አማች፣ የልጃቸው ባል። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ግን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ዝቅ ያለውንም ከፍ ያለውንም እኩል ነው የሚያሳልፈው። «እናትሽ ለጊዜው ወንድምሽ ጋ ይሁኑ። ለጊዜው ነው ያልኩት። እሱስ ልጃቸው አይደለም እንዴ?»

እማማ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን እያሰሩ ነበር። እጃቸው ማጅራታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ከግድግዳው ወዲያ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ይዞራል፤ ልጃቸው ናት፣ ስትጨነቅ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰል አትተውም። አሁን ትናገራለች ብለው ጠበቁ። ብዙም አልጠበቁም፤ «ተው እንጂ» ብትል ይበቃቸው ነበር። «እሷማ የትም አትሄድም» ብትል ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዚያ ይውሉ ነበር። ማንኪያው ቆመ። «ጠጣ እንጂ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» አለች ልጃቸው።

የእማማ ክፍል፣ ክፍል ከተባለ፣ በአንድ አልጋና በአንድ ፍሪጅ ሞልቷል። ፍሪጁ የሚያቀዘቅዝ አይደለም። አማቻቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ አንድ ደንበኛ ሞተሩ ሲቃጠልበት ጥሎለት የሄደውን አሮጌ ፍሪጅ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ አምፖሎችና ትንሽ ማራገቢያ ገጥሞ፣ በሩን ቆርጦ መስታወት አስገብቶ እንቁላል መፈልፈያ አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ዕቃ በእርጅናው ማሞቅ ጀመረ። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ የፊተኛው በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ስለሚከፈት ሰው በገባ በወጣ ቁጥር አየሩ ይለዋወጣል፣ ለእንቁላል አይሆንም። ስለዚህ ማሽኑ ወደ እማማ ክፍል ገባ፣ የእማማ የልብስ ሳጥን ደግሞ ወጥቶ ከደረጃው ሥር ላስቲክ ለበሰ። አልጋቸው ወደ መስኮቱ ተገፋ። ከመስኮቱ አንደኛው መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ በካርቶን ተደፍኗል፣ ነፋስ ሲመጣ ካርቶኑ ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ያስላል። ስለዚህ ሁሉ እማማ ትንፍሽ አላሉም። እንዲያውም ማሽኑን ለመዱት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንቁላሎቹን ሲያገላብጡ የከረሙት እሳቸው ናቸው፤ አማቻቸው በስልኩ መብራት አንዱን እንቁላል ከኋላ አብርቶ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋውን ደም ሥር ያሳያቸው ቀን ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

አማቻቸው የሥራ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ፍሪጁ ፊት ተንበረከከ። በመስታወቱ አሾልኮ አየ።

«ዛሬ ነው የሚወጡት። አንዳንዶቹ ቅርፊታቸውን መሰንጠቅ ጀምረዋል። አደራ፣ በሩን እንዳይከፍቱ። ቢጮሁም፣ አንዱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቢቀርም፣ እንዳይከፍቱ። እርጥበቱ ከወጣ እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ይደርቁብናል።»

«ምን በወጣኝ እከፍታለሁ?»

«አንጀትዎ አይችልም ብዬ ነው» አለ ፈገግ ብሎ።

ክፉ ሰው አይደለም። የሳል መድኃኒታቸውን ሳይጠየቅ ይገዛል፤ አልጋቸው ሲነቃነቅ ብሎን አጥብቆላቸዋል። ድካሙም እዚህ ላይ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልተውት ያርፉ ነበር።

ልጃቸው የፋብሪካ ገዋኗን ክንዷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆመች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተኳሽ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች። የእግሯ ደም ሥሮች እንደ ገመድ ወጥተዋል፤ ሐኪሙ ቁጭ ብለሽ ሥሪ ሲላት «ተቀምጬ የምተኩስበት ፋብሪካ ያግኙልኝ» ብላው መጥታለች። እንቁላሎቹ የገቡት ለዚህ ነው። ከእሷ ጋር የሚተኩሱት ሴቶች ሁሉ ጫጩት አዘዋል፣ ጎረቤቱም አዟል፤ የመጀመሪያው ዙር ደህና ከወጣ ሁለተኛ ማሽን ይሠራል፣ እሷም ሥራዋን ትለቃለች። ሳምንቱን ሙሉ «ነገ ተነገ ወዲያ ይሄን ገዋን ለአለቃዬ ነው የማለብሳት» እያለች ስትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። «እማዬ፣ ዳቦው ድስቱ ውስጥ ነው» አለች፤ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ ነው። «እሺ፣ ልጄ» አሉ እማማ። የውጭው በር ተዘጋ።

ቤቱ ጸጥ ሲል ፍሪጁ ውስጥ ያለው ድምፅ ጎላ። ጪው ይላል አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው ይመልስለታል፤ ገና ከቅርፊት ሳይወጡ ወሬ ጀምረዋል። እማማ ግን የሚሰሙት የጠዋቱን ነበር። የወንዱ ልጃቸው ቤት ሌላ ከተማ ነው፤ ከዚህ በፊት ኖረውበታል። መተላለፊያው ላይ ያለ ሶፋ ላይ ነበር የሚተኙት፤ ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ እግራቸውን ይነካል። ምራታቸው አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራቸው አታውቅም። እሳቸው ከሽንት ቤት በወጡ ቁጥር ግን በረኪና ይዛ ትገባለች። ይሄን ለሴት ልጃቸው ነግረው አያውቁም፤ ምን ብለው ይነግራሉ? ንጽሕና ወዳጅ ናት ይባላል። ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፤ ጫጩቶቹ ደህና ከወጡ እሳቸው ይወጣሉ፣ እንዲወጡ ቁጭ ብለው የሚጠብቁትም ራሳቸው ናቸው። ሐሳቡ አሳፈራቸው። ተነሡና አልጋቸውን ያለ ምክንያት እንደገና አነጠፉ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ሬዲዮ መጣች። ስሟ ሌላ ነው፤ ወሬ እሷ ጋ ስለማያድር ሰፈሩ ሬዲዮ ብሏታል፣ እሷም ተቀብላዋለች። የልብስ ሳፋዋን ወገቧ ላይ እንደያዘች አንገቷን አስገባች።

«እማማ፣ ፍሪጁ ምጡ መጣ?»

«መጥቶለታል። ግቢ፣ በሩን ዝጊው ብቻ፣ ነፋስ ይገባል።»

ሬዲዮ ጆሮዋን ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። «ጉድ እኮ ነው። የእኔ ፍሪጅ ካምና ጀምሮ ውኃ ከማፍሰስ በቀር ምንም አልወለደልኝም። የእኔን አራት ሴት ሴቱን አርጉልኝ፤ ወንድ እቤቴ ሞልቷል፣ እንቁላል የሚጥል አላየሁም።»

እማማ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ አምፖሎቹ ጠፉ። ማራገቢያው ትንሽ አጓራና ቆመ።

«በቃ፣ ሄደ» አለች ሬዲዮ።

እማማ ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ለአማቻቸው ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግመው ደወሉ። ልጃቸው ጋ መደወል ዋጋ የለውም፤ ፋብሪካው ስልክ በር ላይ ይቀበላል። የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙና ከአልጋቸው ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፉ። ሁለቱ ሆነው ፍሪጁን እንደ ታመመ ሰው ጠቀለሉት። ሲጠቀልሉ ነው የእማማ እጅ በጎኑ በኩል ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ያረፈው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ጣት የሚያስገቡ። ከላይኛው ሞቅ ያለ አየር መዳፋቸው ላይ ይተነፍሳል።

«ይኸው። ሙቀቱ በዚህ እያለቀ ነው።»

«ሲሠራው ረስቶት ነው» አለች ሬዲዮ። «የወንድ ሥራ መቼም ጫፉ ሳይያዝ ነው የሚቀረው። ቆይ፣ መብራቱ የጠፋው የእኛ ብቻ እንደሆነ ልይ።» ሳፋዋን ይዛ ወጣች፤ የዚያን ቀን አልተመለሰችም።

እማማ ልጃቸው ከፋብሪካ ለመወልወያ ከምታመጣው ከረጢት ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አወጡ። ጠቅልለው፣ በጣታቸው ጠቅጥቀው፣ ላይኛውንም ታችኛውንም ወተፉት። ብርድ የወሰደባቸው ልጅ ነበራቸው፣ የመጀመሪያቸው። ከዚያ ወዲህ በኖሩበት ቤት ሁሉ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ኖሮ አያውቅም፤ በር ሥር ጨርቅ፣ መስኮት ዳር ጋዜጣ፣ ሌላው ቀርቶ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ ጥጥ። ልጆቻቸው ሁሉ በዚህ ይስቁባቸዋል። ሁሉም አድገዋል።

መብራቱ ብዙ ሳይቆይ መጣ። አምፖሎቹ ሲበሩ እማማ እሳት እንዳይነሣ ፈርተው ብርድ ልብሱን ቶሎ ገፈፉት። እጃቸው ወደ ውታፉም ሄዶ ነበር። ከዚያ ተመለሰ። አሁን ቀዝቅዘው የቆዩ ናቸው፣ እንዴት ተብሎ ደግሞ ነፋስ ይለቀቅባቸዋል? ይቆይ። በሩን እንዳይከፍቱ እንጂ ሌላ የተባሉት ነገር የለም፤ በሩን አልከፈቱም።

ከቀትር በኋላ መስታወቱ ላብ አላበው። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ ሙሉውን፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ውስጡ አይታይም። እማማ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ላቡ ግን በውስጥ በኩል ነው። ጩኸቱ መጀመሪያ በረታ፤ እርስ በርስ የተሻሙ ያህል ተንጫጩ። እማማ አልጋው ላይ ተቀምጠው «አይዟችሁ፣ አይዟችሁ» ሲሉ ቆዩ። በሩን ሊከፍቱ ሁለቴ ተነሡ፣ አማቻቸው ያለው ትዝ ብሏቸው ሁለቴ ተቀመጡ። ቆይቶ ድምፁ ረገብ አለ። አንዱ ብቻ ይጮሃል፣ ያርፋል፣ ይጮሃል። ከዚያ እሱም ዝም አለ። ልጅ ሲሞቀው እንደዚህ ነው፤ ያለቅሳል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ድንገት ጭልጥ ይላል። ተኙ አሉ እማማ በልባቸው። ዳቦአቸውን እንኳ እንዳይቀሰቅሷቸው በዝግታ አኘኩ። ጸጥታው ደስ አላቸው። በኋላ ራሳቸውን ደጋግመው የሚጠይቁት ስለዚህ ደስታ ነው።

ባልና ሚስቱ ታክሲ መውረጃው ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። አማቻቸው ለጫጩቶቹ ካርቶን ሣጥን ይዟል፤ ልጃቸው ገዋኗን እንኳ አላወለቀችም። «እህ፣ እማማ፣ ስንት ወለድን?» እያለ ነበር የገባው። መስታወቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እጁን ወደ ፍሪጁ ጎን ሰደደ፤ አንዱን ውታፍ ሳበ፣ ሌላውን ሳበ። ከላይኛው ቀዳዳ ትኩስ እንፋሎት ወጣ። በሩን ከፈተው።

ከቅርፊታቸው የወጡት ጥቂቶች ናቸው። ጠጉራቸው እንደረጠበ በሆዳቸው ተኝተው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የቀሩት እንቁላሎች ላይ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳው የምንቃር ጫፍ ይታያል፣ አይንቀሳቀስም። አማቻቸው አንድ በአንድ እያነሣ ጆሮው ላይ ያስጠጋል፣ ያስቀምጣል። ሌላ ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ይሰማል።

«ይሄን ማን ነው የወተፈው?» አለ፣ ጨርቁን ይዞ።

እማማ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጃቸው ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ጠዋት፣ አንተ ጫማህን ስታስር። ነፋስ የሚገባ መሰለኝ።»

አማቻቸው ጨርቁን እያገላበጠ አየው። ከእሷ ፋብሪካ የመጣ ጨርቅ ነው። «ስበሳው ባትሪ ይዘሽ ያበራሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ይሄ ምን ያደርጋል ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ሊወጡ ሲሉ ከምንጊዜውም በላይ አየር ይፈልጋሉ አላልኩሽም?»

እሷ ጨርቁን ልትወስድ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም።

«ፋብሪካውን መልቀቅ ካልፈለግሽ መናገር ነበር እኮ።» ድምፁ ከፍ አላለም። «አልለቅም ማለት ነበር። ይሄ ሁሉ ከሚሞት።»

እማማ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባቸው። ልጃቸው የዋሸችው እናቷ ጠዋት የተባለውን ሰምታ ሆን ብላ ያደረገችው መስሏት ነው፤ መስሏትም ደግሞ ልትሸፍናት ገባች። ሁለተኛው፣ ውሸቱ እየተናደ ያለው እዚያው ልጅቷ ራስ ላይ ነው። አማቻቸው ሚስቱን የሚያያት ዛሬ ገና እንዳወቃት ሰው ነው።

«እኔ ነኝ የወተፍኩት» አሉ።

«እማዬ፣ ተይ።»

«እኔ ነኝ። መብራት ሲሄድ ሙቀቱ በዚያ የሚያልቅ መስሎኝ። ሲመጣ ደግሞ ብርድ ይመታቸዋል ብዬ ተውኩት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ሬዲዮን ጠይቃት።» ከዚያ፣ «በሩን ግን አልከፈትኩም» አሉ።

አማቻቸው አያቸው። ሊቆጣ የፈለገ፣ ቁጣው ግን ከየት እንደሚጀመር የጠፋበት ይመስላል። «ስለ ቀዳዳው ለእርስዎ አልነገርኩዎትም» አለ መጨረሻ ላይ።

«አልነገርከኝም። ደውዬልህ ነበር።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። የተረፉትን በሁለት እጁ እያፈሰ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ፣ ወደ ፊተኛው ክፍል ወስዶ አምፖል አበራላቸው። ከዚያ የውጭው በር ሲከፈት ተሰማ፤ ርቆ አልሄደም፣ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ደረጃው አቃሰተ።

ልጃቸው አልጋው ላይ፣ ከእናቷ ጎን፣ ግን ክንድ በማይነካካበት ርቀት ተቀመጠች። የፍሪጁ በር ክፍት እንደሆነ ነው፤ የሚዘጋው የለም፣ የሚዘጋበትም ምክንያት የለም። እርጥብ ላባና ቅርፊት ይሸታል።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ጠዋት ሰምተሻል፣ አይደል?»

ምኑን ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። «ምኑን?» ካሉ አለቀ፤ አሮጊት ናት፣ ቀዳዳ አየች፣ ወተፈች፣ ምን ታውቃለች ተብሎ ይታለፋል። ሰምቻለሁ ካሉ ግን ከዚያ በኋላ የሚሉት ሁሉ ይጠረጠራል። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አዩት።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ለዚያ ግን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ልጃቸው። ቶሎ ነው ያለችው፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዲህ ፈጥኖ አይልም። ከዚያ፣ «ለወንድሜ ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ። የትም አትሄጂም» አለች።

እንዳይመጣ። ተደውሎለት አልቆ ነበር ማለት ነው፤ ጠዋት የሰሙት ምክር ሳይሆን የተቆረጠ ነገር ነበር። ቢሆንም የትም አትሄጂም የሚለው ቃል ይኸው መጣ። ጠዋት ሻሻቸውን ይዘው የጠበቁት እሱን ነው። ያኔ ቢመጣ አንገታቸውን ቀና አድርጎ ያውላቸው ነበር። አሁን የመጣው ግን ክፍሉ የሚፈለግበት ነገር ስለሌለ ነው፤ ወይም ልጅቷ ስለፈራቻቸው ነው፤ ወይም ከልቧ ነው። የትኛው እንደሆነ እማማ ሊለዩት አልቻሉም፣ ከእንግዲህም እዚህ ቤት እስካሉ ድረስ አይለዩትም። እሷ ቆማ ስትተኩስ ውላ እግሯ አብጦ በገባች ቁጥር እሳቸው አልጋው ላይ ይኖራሉ። ማታ ባልና ሚስቱ ዝም ሲባባሉ እሳቸው ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ዝምታውን ያዳምጣሉ።

«አትደውዪለት» አሉ። «ይምጣ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ …»

«ይምጣ አልኩሽ። ባልሽ ሌላ እንቁላል ያስገባ፣ ሁለተኛውንም ማሽን ይሥራ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ይመቸዋል።» የምራታቸው በረኪና ሽታ አፍንጫቸው ሥር መጣ። አልተናገሩትም። «ደግሞ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።»

በልጃቸው ፊት ላይ እፎይታ ይኑር አይኑር ላለማየት እማማ ጎንበስ ብለው ጫማዋን ማውለቅ ጀመሩ። ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሠርጉዶ ጥልቅ መስመር ሠርቷል። «ሽቅብ አርጊው፣ እግርሽን ሽቅብ» አሏትና አልጋው ላይ አነሡላት፤ ትራሱንም ከራሳቸው በኩል አምጥተው ከሥሩ ከተቱ። እሷም እንደ ልጅነቷ እሺ ብላ ተጋደመች። ከፊተኛው ክፍል፣ ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከተረፉት አንዱ ጪው አለ። ሁለቱም ሰሙት።

«ነገ በጊዜ ትቀሰቅሺኛለሽ?» አለች ልጃቸው ዓይኗን ጨፍና።

«እቀሰቅስሻለሁ» አሉ እማማ።

ገዋኗን እንዳይጨማደድ ቀስ አድርገው ከትከሻዋ ላይ አወለቁላትና አጣጥፈው ራስጌዋ ላይ አስቀመጡላት።